የኔዘርላንድ የቤት ውስጥ ሥዕሎች፦ ማን ከማን ወሰደ? በምንስ ይለያል?

ሸራ_ወጣሪ
ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ስለ 17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድ ሠዓሊዎች ነው፤ በተለይ የቤት ውስጥ ኑሮን ስለሣሉት፦ ቴር ቦርኽ፣ ዳው፣ ቫን ሚሪስ፣ ሜትሱ፣ ደ ሆኽ፣ ቨርሜር፣ ስቴን። ሥራዎቻቸው ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዲት ሴት ከከተማ ከተማ እየዞረች የተሣለች ነው የሚመስለው። ደብዳቤ ትጽፋለች፣ መስታወት ፊት ትቆማለች፣ ሚዛን ትይዛለች፣ በቀቀን ትመግባለች። መጻሕፍቱ «ተጽዕኖ» ብለው ያልፉታል። ተጽዕኖ የሚለው ቃል ግን ለተማሪ ምንም አያስጨብጥም። ከቅንብሩ ምኑ ተወሰደ? በምን ዘዴ? ሁለቱም ሥዕሎች ላይ ዓመት ካልተጻፈስ ማን እንደቀደመ እንዴት ይታወቃል? (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፉልኝ፤ ካልሆነ መዘባረቁ አይቀርም።)

ብርሃን_ከግራ
መጀመሪያ «ወሰደ» የሚለውን መበተን ያስፈልጋል። ርእሰ ጉዳዩን ብቻ መውሰድ አለ፤ የአንድን ሰው አቋቋም መውሰድ አለ፤ ክፍሉን ራሱን፣ ማለትም መስኮቱን፣ ወለሉን፣ የግድግዳውን ርቀት መውሰድ አለ፤ ምስሉን በልኩ ነድፎ ወደ ሌላ ሥዕል ማተምም አለ። አራቱ የተለያየ ማስረጃ ነው የሚጠይቁት። አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው አንዱ ስለ ርእሰ ጉዳይ ሲያወራ ሌላው ስለ ቅንብር ስለሚመልስ ነው።

በአንድ ምሳሌ ልጀምር። ቴር ቦርኽ በ1655 አካባቢ የሠራት ደብዳቤ ጸሐፊ ዘ ሄግ፣ ማውሪትስሃውስ ነው ያለችው። 39 በ29.5 ሳንቲ ሜትር፣ በእንጨት ገበታ ላይ። ወፍራሙ የጠረጴዛ ምንጣፍ ለመጻፊያ ቦታ እንዲለቅ ወደ ጎን ተገፍቷል፤ ከኋላዋ የአልጋ መጋረጃ አለ፤ ጆሮዋ ላይ ዕንቁ ተንጠልጥሏል። ዐይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ እኛ መኖራችንን አታውቅም።

ቨርሜር በ1665 አካባቢ ያንኑ ነገር አነሣው፤ ሥዕሉ ዋሽንግተን ነው፣ 45 በ40 ገደማ፣ በሸራ ላይ። አንዲት ሴት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ብዕር፣ ዕንቁ፣ ከግራ የሚመጣ ብርሃን፤ ይህን ሁሉ አስቀርቷል። አልጋው ወጥቷል። በምትኩ ከኋላዋ ደብዘዝ ያለ ሥዕል በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ትልቁ ለውጥ ግን አንገቷ ነው፤ ቀና ብላ እኛን ታያለች። በዚህች አንዲት ለውጥ ተመልካቹ ከሰላይነት ወደ እንግድነት ተዛወረ። ለተማሪዎችህ የምትጠይቀው ይሄንን ነው፦ ምን ይመሳሰላል ሳይሆን፣ ሁለተኛው ሠዓሊ የትኛውን ውሳኔ ቀለበሰ?

የቦይ_ጀልባ
ስለ ዘዴው ልጨምር። ብዙ ሰው «በሕትመት ሥዕል ተላለፈ» ብሎ ይገምታል፤ ለጣሊያኖች ሥራ እውነት ነው፤ የራፋኤል ቅንብር አውሮፓን የዞረው በመዳብ ሕትመት ነው። እነዚህ የኔዘርላንድ ሥራዎች ግን አብዛኞቹ ገና ሠሪዎቹ በሕይወት እያሉ አልታተሙም። ያ ማለት የወሰደው ሰው ሥዕሉን ራሱን አይቷል፣ ወይም ያየ ሰው የነደፈውን አይቷል። ሌላም ምልክት አለ፤ በሕትመት የመጣ ቅንብር ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። እዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ከግራ እንደመጣ ነው የሚቀረው። (ከግራ መምጣቱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ቀኝ እጅ ሠዓሊ የእጁ ጥላ እንዳይጋርደው በግራው መስኮት ነው የሚሠራው።)

ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር። በፈረስ የሚጎተቱት የቦይ ጀልባዎች በሰዓታቸው ይነሡ ነበር፤ የደልፍትና የላይደን ቦይ በ1638፣ የላይደንና የሃርለም በ1657 ተከፍቷል። ከደልፍት ተነሥቶ ላይደን ውሎ መመለስ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። በ1665 ዮሃን ደ ባይ የሚባል ላይደን ያለ ሰብሳቢ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ክፍል ተከራይቶ 27 የዳው ሥዕሎችን ለሕዝብ አሳይቷል። ሠዓሊዎቹ በአካልም ይተዋወቁ ነበር፤ ሚያዝያ 22 ቀን 1653 ደልፍት ውስጥ በተጻፈ አንድ የውል ሰነድ ላይ ቴር ቦርኽና ቨርሜር አብረው በምስክርነት ፈርመዋል። ቨርሜር ካገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

ጥያቄ_አለኝ
ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ያኔ ስርቆት አልነበረም? የሠዓሊዎቹ ማኅበር አይከስም?

የቦይ_ጀልባ
@ጥያቄ_አለኝ አይከስም። የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር የሚቆጣጠረው ማን መሸጥ እንደሚችልና ማን ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ነው። ቅንብር የማንም ርስት አልነበረም። ሠዓሊውና ጸሐፊው ካረል ቫን ማንደር በ1604 ባሳተመው መጽሐፍ መውሰድን ይፈቅዳል፤ ግን በደንብ የተቀቀለ ይሁን ይላል። ላይደን ያለው ፊሊፕስ አንኸል በ1642 በታተመ ንግግሩ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል፤ የተወሰደው ከራስ ሥራ ጋር እንዲዋሐድ። ነውሩ መውሰዱ ሳይሆን ስፌቱ መታየቱ ነበር።

ዘይት_ወረቀት
አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ምስሉን በልኩ ማተም እንዴት ይሠራ እንደነበር ቴር ቦርኽ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከሌላ ሳይሆን ከራሱ ነው የቀዳው።

«የአባት ተግሣጽ» የሚል ስም ኋላ የወጣለት ሥዕሉ፣ ጀርባዋን የሰጠችን ነጭ ሳቲን የለበሰች ሴት ያለችበት፣ በ1654 አካባቢ የተሠራ ነው። አንዱ አምስተርዳም ራይክስሙዚየም አለ፣ 71 በ73፤ አንዱ በርሊን፣ 70 በ60። የክፍሉ ስፋት ይለያያል፤ ሰዎቹ ግን ያው ናቸው። ተማሪው ካስፓር ኔትሸር በ1655 ቀድቶታል። ሴትየዋ ከዚያ ወዲያ በሌሎች እጅ ብቻዋን መዞር ጀመረች።

የማተሚያው አሠራር ይህን ይመስላል። ስስ ወረቀት በተልባ ዘይት ይነከርና ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። ደርቆ ባለቀ ሥዕል ላይ ይነጠፍና የውጭ መስመሮቹ ይነደፋሉ፤ የትከሻው፣ የወገቡ፣ የቀሚሱ ዋና ዋና እጥፋቶች። ከዚያ የወረቀቱ ጀርባ በጠመኔ ወይም በከሰል ይታሻል፤ በአዲሱ የመሠረት ቅብ ላይ ይነጠፍና መስመሩ በሹል ነገር ተጭኖ ይሄዳል። ሌላው ዘዴ መስመሩን በመርፌ ቀዳድቶ የከሰል ዱቄት በያዘ ጨርቅ መምታት ነው።

ምን ይበላሻል? አንደኛ፣ ዘይት ቀለም ላዩ ደርቆ ውስጡ ለወራት ለስላሳ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ይጣበቅበታል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱ መሀል ላይ ከተንሸራተተ ጭንቅላቱ በልኩ ሆኖ እግሩ ሁለት ጣት ያህል ይዘነፋል። ሦስተኛው ዋናው ነው፤ የውጭ መስመሩ ይተላለፋል እንጂ ብርሃኑ አይተላለፍም። አዲሱ ክፍል ውስጥ መስኮቱ ሌላ ቦታ ከሆነ የሳቲኑ እጥፋት ትርጉም ያጣል፤ ማብራት ያለበት ይጨልማል። ቀጂን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ፊቱ ሳይሆን የቀሚሱ ታችኛው ክፍል ነው።

በኢንፍራሬድ ሲታይ የታተመ መስመር ይታወቃል። ሠዓሊ ሲፈልግ መስመሩ ይደጋገማል፣ ይሰበራል፤ ሲያትም ግን አንድ ወጥና ደረቅ ይሆናል። ግን ተጠንቀቁ፤ ነጭ ጠመኔ፣ ቀይ ጠመኔና ቡናማው የብዕር ቀለም በኢንፍራሬድ አይታዩም። «የሥር ንድፍ አልተገኘም» ማለት «አልነበረም» ማለት አይደለም።

ሳቲን_ነጭ
@ዘይት_ወረቀት ስለ ሳቲኑ ልክ ነህ። ለዚህ ነው ሌሎቹ ከቴር ቦርኽ አቋቋሙን ሲወስዱ ጨርቁን መውሰድ ያቃታቸው። እሱ ግራጫ መካከለኛ ቃና ይጥላል፤ ጥላውን በስሱ ያስገባል፤ ነጩን የሚያስቀምጠው በመጨረሻ፣ እጥፋቱ በሚሰበርበት ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። ነጩን አስቀድሞ ያበዛ ሰው ሳቲን ሳይሆን አቡጀዲ ነው የሚያገኘው።

ጨርቁ እንዳይንቀሳቀስ የእንጨት ማኔኪን (ልብስ የሚለብስ የሰው ቅርጽ አሻንጉሊት) ነበራቸው። የቴር ቦርኽ አባት በ1635 ለንደን ላለው ልጃቸው ማኔኪን ልከውለት፣ አብሮ በተላከው ደብዳቤ የዘመኑን ቅንብር እንዲሠራ መክረውታል፤ በጊዜው ልብስ ያሉ ሰዎችን ማለታቸው ነው። በ17 ዓመቱ።

ደግሞ አንድ ነገር አይታለፍ። ሳሙኤል ቫን ሆኽስትራተን ሉቭር ባለው «ጫማዎቹ» በተባለው ሥዕሉ ውስጥ ማንም ሰው የለም፤ ተከታታይ በሮች፣ መጥረጊያ፣ በር ላይ የተንጠለጠለ ቁልፍ፣ ወለሉ ላይ የተተወ ነጠላ ጫማ። በመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ ግን የተሰቀለ ሥዕል አለ፦ ያችው ጀርባዋን የሰጠችው የቴር ቦርኽ ሴት። ይህ ድብቅ ብድር አይደለም፤ ገዢው እንዲያውቃት ታስቦ ነው የተሰቀለችው።

ሸራ_ወጣሪ
ግሩም ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ክፍሉን ራሱን ስለመውሰድስ? ደ ሆኽና ቨርሜር ሁለቱም ደልፍት ነበሩ፤ ወለላቸው አንድ ይመስላል።

ሲባጎና_ስፒል
ወለላቸው የሚመሳሰለው አሠራሩ አንድ ስለሆነ ነው፤ ያንን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንን ውስጥ የሚሥሉ የደልፍት ሠዓሊዎችም ይጠቀሙበት ነበር። ቅደም ተከተሉ ይኸውልህ፦

የዐይን ቁመት መስመር ትወስናለህ። በእሱ ላይ መስመሮቹ የሚጠፉበትን ነጥብ መርጠህ ቀጭን ስፒል በሸራው ላይ ትተክላለህ። ስፒሉ ላይ ሲባጎ ታስራለህ፤ ሲባጎውን ጠመኔ ቀብተህ ወጥረህ፣ ግንበኛ እንደሚያደርገው ሳብ አድርገህ ትለቀዋለህ። መስመር ታትሞ ይቀራል። ወደ ውስጥ የሚሄዱት የታይል መስመሮች፣ የመስኮቱ ደፍና የጠረጴዛው ጠርዝ ሁሉ ከዚሁ ይወጣሉ። ለሰያፎቹ ደግሞ በዚያው የዐይን መስመር ላይ፣ ከሥዕሉ ውጪ ግራና ቀኝ፣ ሁለት የርቀት ነጥቦች ትይዛለህ።

የሚበላሸው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነው። የርቀት ነጥቦቹን ሲያቀርቧቸው፣ ምናልባት አውደ ክፍሉ ጠቦ፣ ከፊት ያሉት ታይሎች ይለጠጣሉ፤ ወለሉ ወደ ተመልካቹ የተዳፋ ይመስላል። ፍቱን መድኃኒቱ ነጥቦቹን ማራቅ ነው፤ ወይም ደግሞ ከፊት ያለውን ጥግ በወንበር ወይም በምንጣፍ መሸፈን። ሁለቱንም ቨርሜር ዘንድ ታገኛለህ።

የስፒሉ ቀዳዳ ዛሬም ይታያል። የሥዕል ጥገና ባለሙያው ዮርገን ቫዱም በ1995 በ13 የቨርሜር ሥዕሎች ላይ መገኘቱን አሳውቋል። ወተት የምትቀዳው ሴት ላይ ከቀኝ እጇ በላይ ነው። ሚዛን የያዘችው ላይ መስመሮቹ የሚገናኙት ትንሿ ጣቷ አጠገብ ነው፤ ማለትም ክፍሉ በሙሉ ዐይንህን ወደ ሚዛኑ ይስባል። ደ ሆኽ እንዲህ አይጨነቅም፤ እሱ ነጥቡን ብዙ ጊዜ ለክፍሉ ስፋት ሲል ነው የሚመርጠው፤ ሰው ላይ ይረፍ ባዶ ግድግዳ ላይ ግድ የለውም። ዘዴው የተወረሰ ነው፤ ነጥቡን ምን ላይ ማሳረፍ የሚለው ግን የቨርሜር ነው ባይ ነኝ።

ደ ሆኽ ክፍሉን አስቀድሞ እንደሚጨርስ ለማየት ለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለውን፣ በ1658 አካባቢ የተሠራውን፣ ሁለት ወንዶችና የምትጠጣ ሴት ያሉበትን ተመልከት። በስተቀኝ ቆማ ያለችው ገረድ ቀሚስ ውስጥ የታይሉ ጥቁርና ነጭ ይታያል። ወለሉ ካለቀ በኋላ ነው የተጨመረችው፤ ቀለሙ በዘመን ብዛት ሲሳሳ ወለሉ ብቅ አለ።

አባ_ጽሞና
ጋሼ ሲባጎና ስፒል፣ በዚህ እንስማማለን፤ ሆኖም ደ ሆኽን ቀዳሚ፣ ቨርሜርን ተቀባይ አድርጎ መደምደሙ ሁልጊዜ አይሠራም። የሚዛኖቹን ጉዳይ እንውሰድ።

የደ ሆኽ ወርቅ የምትመዝነው ሴት በርሊን ናት፣ 61 በ53። የቨርሜር ዋሽንግተን፣ 40 በ36 ገደማ። ሁለቱም 1664 አካባቢ ይባላሉ፤ ሁለቱም ላይ ዓመት የለም። ደ ሆኽ በ1661 አምስተርዳም ገብቷል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ለማየት ተጉዟል። የደ ሆኽ በኤክስሬይ ሲታይ በመጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ኋላ በቀለም ተሸፍኗል። ለእኔ ይህ ግልጽ ነው፤ ሁለት ሰው ያሉበት የተለመደ ሥዕሉን ጀምሮ፣ የቨርሜርን ብቸኛ ሴት ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ።

ሲባጎና_ስፒል
@አባ_ጽሞና መሸፈኑ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ሰው ማጥፋት የቨርሜርም ልማድ ነው። ኒው ዮርክ ያለችው የተኛችው ሴት፣ 1656–57፣ ስትጀመር በበሩ ላይ ውሻ፣ በኋለኛው ክፍል ባርኔጣ ያደረገ ወንድ ነበራት፤ ሁለቱንም አውጥቷቸዋል። ያ ሐሳብ ደግሞ ከዶርድረኽቱ ኒኮላስ ማስ የመጣ ነው፤ በ1655 በተሠራችው «ሰነፏ ገረድ» ላይ ልጅቱ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ተኝታለች፣ ድመት ዶሮውን ይሰርቃል፣ እመቤቷ እኛን እያየች ትጠቁማታለች፣ ከኋላ እንግዶች በማዕድ ላይ ናቸው። ቨርሜር ከዚህ አቀማመጡንና የኋለኛውን ክፍል አስቀርቶ ቀልዱን በሙሉ አወጣው። ስለዚህ ማጥፋት ማለት ሌላ ሥዕል አይቶ መለወጥ ብቻ አይደለም፤ የራሱ አካሄድ ሊሆንም ይችላል። አቅጣጫውን አይነግርህም።

አባ_ጽሞና
ይሁን፤ ግን ለአንዱ ልማድ የሆነ ለሌላው ልዩ ክስተት ነው። ደ ሆኽ ዘንድ ብቻዋን የቆመች ሴት ስንት ጊዜ ታገኛለህ? ብዙ ጊዜ ልጅ፣ ገረድ ወይም ወታደር ይኖራል። ከልማዱ የወጣው እሱ ከሆነ፣ ያወጣው ነገር ሊኖር ይገባል።

በነገራችን ላይ፣ የቨርሜር ሚዛን ሳህኖቹ ባዶ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወርቅ ይመስል የነበረው የብርሃን ነጠብጣብ ብቻ ነው። ከኋላዋ የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ተሰቅሏል። የደ ሆኽ ግን ወርቅ ነው የምትመዝነው፤ ግድግዳዋም በወርቅ የተጌጠ ቆዳ ነው። አንዱ ከሌላው አቋቋሙን ወስዶ ነገሩን ፈጽሞ ሌላ አድርጎታል።

ብርሃን_ከግራ
ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ለተማሪ ሲቀርብ ግን «ቅደም ተከተሉ አልተቋጨም» ተብሎ ይቅረብ። ያው ጭቅጭቅ በቨርሜር «የፍቅር ደብዳቤ»ና ኮሎኝ ባለው የደ ሆኽ በቀቀን ያላቸው ጥንዶችም ላይ አለ፤ ጨለማ በር፣ የተሰበሰበ መጋረጃ፣ መጥረጊያ፣ ከወዲያ ብርሃን ያለበት ክፍል።

የተጻፈ ዓመት ያላቸውን ምሰሶ አድርጋችሁ ያዙ፤ ያልተጻፈባቸውን በእነሱ መካከል አስቀምጡ። ለምሳሌ ዳንቴል የምትሠራ ሴት፦ ማስ በ1650ዎቹ አጋማሽ፣ ኔትሸር 1662፤ የኔትሸሩ ዓመቱ የተጻፈበት ነው። የቨርሜር ትንሿ፣ 24 በ21፣ በ1669–70 አካባቢ ተብላ ከእነሱ በኋላ ትገባለች። ኔትሸር ሴቲቱን ባዶ ግድግዳ ፊት አስቀምጦ ጫማዋን እንኳ ወለሉ ላይ ያሳየናል፤ ቨርሜር ቀርቦ ወለሉን፣ ወንበሩን፣ ክፍሉን ሁሉ ቆርጦ ጣቶቿንና ክሩን አስቀረ።

የድንጋይ_መስኮት
ዳውን የረሳችሁት ለምንድን ነው? ከሁሉም በላይ የተቀዳው እሱ ነው። የድንጋይ መስኮቱ፦ ከላይ ቅስት፣ ከታች ወፍራም ደፍ፣ ሰውየው ከወገቡ በላይ ይወጣል፣ አንድ ዕቃ ከደፉ ወደ እኛ ይዘልቃል፣ ምንጣፍ ይሁን የወፍ ጎጆ ወይም ጎመን። 1647 ላይ በሠራው የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ሉቭር ውስጥ ታየዋለህ። ከደፉ በታች ሕፃናትና ፍየል ያለበት የቀራፂው የፍራንሷ ዱኬኖይ ቅርጽ ደጋግሞ ይገባል፤ ቅርጹ ራሱ የተወሰደ ነው።

ለምን ይሠራል? ከውጭ የሚመጣው ብርሃን ደፉንና ፊቱን ይመታል፤ ከኋላ ያለው ክፍል ይጨልማል። ሠዓሊው ጀርባውን በዝርዝር መሣል አይጠበቅበትም፤ ጊዜውን ሁሉ ለእጅና ለዕቃ ይሰጣል። የሚበላሸው ደፉ ከሰውየው ጋር በልክ ካልተመጣጠነ ነው። ደፉ ሲወፍር ሰውየው ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ይመስላል፤ ወደ ውጭ የሚዘልቀው ዕቃ ጥላውን በድንጋዩ ላይ ካልጣለ ደግሞ አይወጣም፣ ተለጥፎ ይቀራል። ከዳው ተከታዮች ብዙዎቹ ጥላውን ይረሱታል።

አሁን ሰንሰለቱን ተመልከት። ቫን ሚሪስ፣ የዳው ተማሪ፣ በ1663 ገደማ ቀይ ጃኬት ለብሳ በቀቀን የምትመግብ ሴት ይሥላል፤ መስኮት የለም፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ኔትሸር በ1666 በቀቀኑን ከቫን ሚሪስ፣ የድንጋይ መስኮቱን ከዳው፣ የሳቲኑን አሠራር ከመምህሩ ከቴር ቦርኽ ወስዶ አንድ ሥዕል አደረገው። ሦስት ቤት ያበሰለውን አንድ ሳህን ላይ አቀረበ፤ ደግሞ ተሳክቶለታል። ቨርሜር ግን ሲሠራ በኖረበት ዘመን ሁሉ መስኮቱን አልነካውም።

ሳቲን_ነጭ
እኔ ደግሞ ሜትሱን ነው የምጨምረው፤ አወሳሰድን ለማስተማር ከደብሊኖቹ ጥንድ ሥዕሎች የተሻለ የለም። ደብዳቤ የሚጽፍ ወንድ፣ ደብዳቤ የምታነብ ሴት፤ ሁለቱም 52.5 በ40.2፣ 1664–66 አካባቢ። ሜትሱ በተፈጥሮው ጨለም ያለ፣ ዕቃ የሞላ ክፍል ነበር የሚሠራው። እዚህ ግን በድንገት ደማቅ ነጭ ግድግዳ፣ ከግራ መስኮት፣ ጥቁርና ነጭ ወለል፣ ጸጉር ጠርዝ ያለው ቢጫ ጃኬት። ይህ ደልፍት ነው፤ ቢጫው ጃኬት ደግሞ በ1676 በተጻፈው የቨርሜር ቤት ንብረት ዝርዝር ውስጥ ስፍራ አለው።

የሴቲቱን ሥዕል ቀረብ ብለህ እይ። ገረዷ ጀርባዋን ሰጥታን አረንጓዴውን መጋረጃ ገልጣ የባሕር ማዕበል ሥዕል ታያለች። እመቤቷ ደብዳቤውን ወደ መስኮቱ አዘንብላለች፤ ያዘነበለችው ለብርሃኑ ነው፣ ወይም ገረዷ እንዳታነብባት። ስትነሣ ከእግሯ የወለቀው ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ነው፤ የስፌት ጣት መከላከያው ተንከባሎ ወድቋል፤ ትንሽ ውሻ ቀና ብሎ ያያል። ሜትሱ የቨርሜርን ብርሃን ወሰደ፤ ዝምታውን ግን አልቻለበትም፤ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ ላይ የሚነገር ነገር አስቀመጠ። ይህ ጉድለት ነው አልልም፤ ለእኔ እንዲያውም ከብዙዎቹ የቨርሜር ተከታዮች ሁሉ በሕይወት ያለው እሱ ነው።

ጥያቄ_አለኝ
ስቴንስ? እሱ ሁሉንም ቀድቷል ሲባል እሰማለሁ።

የድንጋይ_መስኮት
@ጥያቄ_አለኝ ሁሉንም ቀድቷል፤ ሁሉንም አሳስቋል። ኦይስተር የምታቀርበው ትንሿ ልጅ፣ 20.5 በ14.5 ብቻ፣ የላይደኖቹን ጥቃቅን አሠራር እኔም እችላለሁ ያለበት ነው። የሐኪም ጉብኝቱም ከላይደን ነው የመጣው፤ ቫን ሚሪስ በ1657 ሠርቶታል፤ ስቴን ደጋግሞ ሲሠራው ሐኪሙን ዘመን ያለፈበት ልብስ አልብሶ መሳቂያ አደረገው።

ሸራ_ወጣሪ
በጣም ጠቅሞኛል። ለክፍሉ ያሰብኩት እያንዳንዱን ጥንድ ሥዕል በአንድ ገጽ ማተምና ማስለካት ነው። ምን ምን ላስለካ?

ሲባጎና_ስፒል
ሁለቱን ሥዕሎች በእውነተኛ መጠናቸው ምጣኔ አትማቸው፤ ገጹን ለመሙላት እኩል ካደረግሃቸው የታተመ ምስል መኖር አለመኖሩ አይታወቅም። በስስ ወረቀት አንዱን አስነድፋቸውና ሌላው ላይ ይነጠፍ። ታይል ካለ በማስመሪያ ወደ ውስጥ የሚሄዱትን መስመሮች አራዝመው ነጥቡን ያግኙ፤ ምን ላይ እንዳረፈ ይጻፉ። ጣሪያው መቆረጥ አለመቆረጡን፣ የቅርቡ ወንበር የሥዕሉን ስንት እጅ እንደያዘ፣ ከጭንቅላቱ በላይ የቀረውን ግድግዳ ይለኩ። ከዚያ በኋላ ነው «ምን ወጣ፣ ምን ገባ» የሚባለው። ካታሎግ ላይ ሥዕሉ በኋላ ዘመን ጠርዙ ተቆርጦ እንደሆነ ሳታይ ግን የጠርዝ ልኬት አታሠራ።

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ፣ ናሽናል ጋለሪው መግቢያ አይከፈልበትም፤ የቨርሜር ሚዛንና ደብዳቤ ጸሐፊዋ፣ የቴር ቦርኽ «የእጮኛው ጉብኝት»፣ የኔትሸር በቀቀን የዚያው ቤት ንብረት ናቸው። የኔትሸሯ ሴት ደፉ ላይ የጣለችውን ጥላ እዩት።

አባ_ጽሞና
«ምን ወጣ» የሚለው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ድሬስደን ያለችው፣ በተከፈተ መስኮት ደብዳቤ የምታነበው የቨርሜር ሴት፣ ከኋላዋ ትልቅ ባዶ ግድግዳ ነበራት። በ1979 የተነሣ ኤክስሬይ ከሥሩ የኩፒድ (የፍቅር አምላክ) ሥዕል መኖሩን አሳየ፤ ቨርሜር ራሱ አጥፍቶታል ተብሎ ስለ ባዶው ግድግዳ ብዙ ተጻፈ። በ2017 ጥገናው ሲጀመር በሽፋኑና በቨርሜር ቀለም መካከል አሮጌ ቫርኒሽና ቆሻሻ ተገኘ። ሥዕሉ አልቆ፣ ደርቆ፣ ዓመታት ከቆየ በኋላ ሌላ ሰው ነው የሸፈነው። ሽፋኑ ተነሥቶ በ2021 ከነኩፒዱ ለሕዝብ ታየ።

ጥያቄ_አለኝ
ታዲያ በርሊን ያለችው ዕንቁ የምታስረዋስ? እዚያም ካርታ ጠፍቷል ይባላል። ያንንም ሌላ ሰው ቢሆንስ?

አባ_ጽሞና
እዚያ የሠራው ራሱ ነው ተብሎ ነው የሚታመነው። በኒውትሮን ምርመራ ግድግዳው ላይ ካርታ፣ ወንበሩ ላይ ሉት የሚባለው የክር መሣሪያ ታይቷል፤ የሸፈናቸው የግድግዳው ብርሃን ደግሞ የሥዕሉ የራሱ ቀለም ነው፤ ከሌላው ግድግዳ ጋር አብሮ የተሠራ። ያንን ባዶ ግድግዳ ከቫን ሚሪስ መስታወት ፊት ከቆመችው ሴት፣ 1662 ገደማ፣ ጋር ልታነጻጽር ትችላለህ፤ ሁለቱም የዚያው የበርሊን ሙዚየም ናቸው።